«አላየሁም» የሚል ዳኛ

የአያ ሽፈራው ሙት ዓመት የዋለው በጾመ ነቢያት መገባደጃ ነው። ቅዳሴው አብቅቶ ከቅጽሩ ስወጣ፣ ሕዝቡ ወደ ተዝካሩ ዳስ በሚጎርፍበት መንገድ ዳር አንድ ሰው ከግንቡ ሥር ብቻውን ቆሞ አየሁ። በከተማ ጃኬት ላይ ነጠላ አጣፍቷል። መንገደኛው ሁሉ እንደ ወደቀ ግንድ ይዞረውና ያልፋል እንጂ «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለው አልነበረም። ቀረብ ብዬ ሳየው የሟቹ ልጅ አሥራት ነው። በገዛ አባቱ ሙት ዓመት ልጁ እንደ ባዕድ ደጅ ቆሟል። በዚህ ደጋ ዕድሜዬን ስገፋ ብዙ ቂም አይቻለሁ፤ ሐዘንተኛን የማጽናኛ ቃል የሚነፍግ ቂም ግን አይቼ አላውቅም።

የቂሙ መነሻ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የሆነ ነገር ነው። አሥራት የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ከዘመሮ ተነሥቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ፣ በትልልቅ ሜዳዎች ፊሽካ የሚነፋ ሰው ሲገኝ ለአገሩ ብርቅ ሆኖ ነበር። እኔ ከኳስ ጋር ትውውቅ የለኝም፤ ወጣትነቴ በዜማና በቅኔ ቤት አለቀ፣ ሽምግልናዬም ተማሪ በማስተማር ላይ ነው። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የሆነው ደረጀ ቤቴ ድረስ መጣና «የኔታ፣ የአያ ሽፈራው ልጅ ዛሬ የማለፊያውን ጨዋታ ይዳኛል። ያሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ ይወጣል፣ የተሸነፈ እዚያው ይቀራል። አገር ሁሉ ያየዋል። እርስዎ ካልመጡ ደስታችን ጎዶሎ ነው» አለኝ። አባቱ ይህን ቀን ሳያይ ካረፈ ግማሽ ዓመት ገደማ ሆኖታልና፣ ስለ ወዳጄ ብዬ ሄድሁ።

ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሰው ከደጅ ቆሟል። የአሥራት እናት እትዬ አስካለ የሐዘን ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ልጃቸው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳሷን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ስለ ሁለቱ ቡድኖች የተጨነቀ አልነበረም፤ አንደኛው ቀይ፣ ሁለተኛው ነጭ መልበሱን እንኳ ልብ ያልነው ዘግይተን ነው። እኛ የምናየው ዳኛውን ብቻ ነበር። «አሯሯጡን አያችሁት? የጓሳ ቀበሮ እኮ ነው» ይላል አንዱ። «አባቱም እንዲህ ነበር፤ በርኖሱን ለብሶ እንኳ ፈረስ ይቀድም ነበር» ይላል ሌላው።

ከዕረፍት በኋላ ነገሩ መጣ። ከነጮቹ አንዱ ከሩቅ የመታት ኳስ የግቡን አግዳሚ ብረት መታች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ከመስመሩ ወዲያ መሬት ነካች፣ ነጥራም ወደ ግብ ጠባቂው እቅፍ ተመለሰች። ነጮቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። አሥራት ወደ መስመር ዳኛው ተመለከተ፤ የመስመር ዳኛውም ወደ አሥራት ተመለከተ። ከዚያ አሥራት በእጁ «ቀጥሉ» አለ። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ነገር ከላይም ከጎንም፣ በዝግታም በፍጥነትም ደጋግሞ አሳየን። በኳሷና በነጩ የኖራ መስመር መካከል ሣር ይታይ ነበር። ሞራ የጋረደው የእኔ ዓይን እንኳ ያን ሣር ለየው። እኛ መንዝ ላይ፣ በሻይ ቤት፣ ብርጭቆ ይዘን ያየነውን፣ በስፍራው የቆመው ሰው እንዴት አጣው? ደነገጥሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቀዮቹ አገቡና አለፉ። ያን ኳስ የመታው ወጣት ማልያውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሸፈነ።

«ዓይኑ ላይ አመድ ነው የነፉበት?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«ዓይኑ ላይ አይደለም፣ ኪሱ ውስጥ ነው የነፉበት» አለ ጓደኛው።

«አፍህን ያዝ። የአያ ሽፈራው ልጅ አይገዛም» አለ መምህር ደረጀ። ድምፁ ግን ቃሉን የሚሸከምበት ጉልበት አልነበረውም።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «የኔታ፣ ልጄ ምን አጠፋ?»

«ኳሷ ገብታ ነበር፤ እሱ አልገባችም አለ» አልኋቸው።

«አይቶ ነው እንዲህ ያለ?»

እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርሁ። እሳቸው ተነሥተው ወጡ፤ ሰውም መንገድ ለቀቀላቸው። በማግስቱ የባላቸውን በርኖስ ከግድግዳው አውርደው በሣጥን ቆለፉበት ተባለ። ያ በርኖስ ለአሥራት የሚተላለፍ መሆኑን አገር ያውቅ ነበር።

ስለዚያ በርኖስ ካላወራሁ የሚቀጥለው ነገር አይገባም፤ ስለ በርኖሱ ለማውራት ደግሞ ወደ ኋላ ረጅም መንገድ መሄድ ይኖርብኛል። ዘመሮ ያኔ አንድ መንገድና አንድ ጥግ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጥጉ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ደጅ አውጥቶ ካኪ ቁምጣ ይሰፋል፤ ከጎኑ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ አንድ ጠርሙስ ላምባ በስሙኒ፣ ደህና ሙክት በአሥር ብር። ወጣቱ ካኪ ቁምጣውን ከጥቁር በርኖስ በታች ለብሶ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ በዚያ ጥግ ሳያልፍ ቅዳሜ ዋለ አይባልም። በክረምት ጎማውን በሰንሰለት አስሮ የሚመጣው የጭነት መኪና ከዳገቱ ላይ ድምፁ ሲሰማ፣ «ፍሬኑ ይይዛል፣ አይይዝም» እያልን እንከራከር ነበር። በዝናብ የራሰ የሱፍ ሽታ አሁንም ባጋጠመኝ ቁጥር ያ ጥግ ከነሰዎቹ ይመጣብኛል። ዛሬ በዚያው ቦታ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ምስኪን፣ የማንን ቦታ እንደ ያዘ አያውቅም።

የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን የገና ጨዋታ ነበር። ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይገጥማሉ። ዱላው ከወይራ ተቆርጦ፣ በእሳት ተለብልቦ ጫፉ ይቆለመማል፤ በዱላው የምትመታው እሩር ከእንጨት ሥር ትጠረባለች። በሜዳው በየጫፉ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይተከልና በላዩ የጓሳ ሣር ነዶ ይታሰርበታል፤ እሩሯ በሁለቱ ነዶዎች መካከል ካለፈች ያሳለፋት ሰፈር ይጨፍራል። የታች ሰፈር ሴቶች በገደሉ አፋፍ ተደርድረው እንዲህ ይሉን ነበር፤

የላይ ሰፈር ሰዎች ብርድ ነው ቀለባችሁ፣
እሩሯን ስታጧት ጓሳ ፈለጋችሁ።

ዳኛው አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱም ሰፈር የሚስማሙበት። ወደ ሜዳ ሲገባ በርኖሱን አውልቆ መሐል ሜዳ ካለው ድንጋይ ላይ ያኖራል፤ በዚያ ብርድ በእጀ ጠባብ ብቻ ይቆማል። «በበርኖሱ ሥር ለወገኑ እጁን አወዛወዘ» እንዳይባል ነው። ለፍርድ የተሰጡት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «አለፈች»፣ «አላለፈችም»፣ «አላየሁም»። «አላየሁም» ካለ እሩሯ ወደ መሐል ትመለሳለች፣ ጨዋታውም እንደ አዲስ ይጀመራል። «አለፈች» ያለውን ዳኛ መከራከር ይቻላል፤ «አላየሁም» ያለውን ግን የሚከራከር የለም። ያላየን ሰው አይተሃል ብሎ ማስገደድ በሐሰት ምስክርነት እንደ መግፋት ነበር የሚቆጠረው።

አያ ሽፈራው ገና ጎልማሳ ሳለ ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። ከእኔ በጥቂት ዓመታት ይበልጠኛል፤ እኔ ያኔ ተማሪ ነበርሁና «ተሜ» ይለኝ ነበር። ከማስታውሰው ሁሉ የአንዱ ዓመት ገና አይረሳኝም። እሱ የላይ ሰፈር ሰው ነው፤ እሩሯን የመታውም የገዛ ሚስቱ ወንድም ነበር። በዚያች ቅጽበት ከጓሳ ተራራ በኩል ጉም ወርዶ ነዶዎቹን ዋጣቸው። እሩሯ ከጉሙ ወዲያ ስትንከባለል የሰማ አለ፣ ያየ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከከፍታው ድንጋይ ላይ ስለ ነበርሁ ከጉሙ በላይ ነኝ፤ ስታልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ። የላይ ሰፈር ሰው ጭፈራ ጀምሮ ነበር። አያ ሽፈራው እጆቹ በብርዱ ጠቁረው፣ ራቁታቸውን ወደ ፊት ዘርግቷቸው፣ «አላየሁም» አለ። ጭፈራው እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። በመጨረሻ ታች ሰፈር አሸነፈ፤ የሚስቱ ወንድምም እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነፈገው።

ሲመሽ አብረን ስንወርድ «አያ ሽፈራው፣ እኔ እኮ አይቻታለሁ፤ አልፋ ነበር» አልሁት።

«ካየህ እሰየው፣ ተሜ» አለኝ በርኖሱን እየደረበ። «ዓይኑ ግን ያንተ ነው። በሰው ዓይን ፈርጄ ማታ በራሴ ዓይን እንዴት እተኛለሁ?»

እንግዲህ በግንቡ ሥር የቆመው ሰው የዚህ ሰው ልጅ ነው። አጠገቡ ተቀመጥሁና እሱንም እንዲቀመጥ ምልክት ሰጠሁት። ከክረምቱ ወዲህ መክሳቱ ፊቱ ላይ ይታያል። የበላዮቹ ለጊዜው ከዳኝነት እንዳገዱት ሰምቼ ነበር። ተሸናፊዎቹ እንደ ሌባ ሲሰድቡት፣ አሸናፊዎቹም ውለታ እንደ ዋለላቸው ሲያቅፉት ከረሙ። «የሚያቅፉኝ ከሚሰድቡኝ ይብሱብኛል፣ የኔታ» አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እናትህም ያን ዕለት የጠየቁኝን ነው። አይተህ ነው የፈረድህ?»

«አላየሁም» አለ። «ግብ ጠባቂው ከፊቴ ነበር፣ ተከላካዩም። ወደ መስመር ዳኛው ዞርሁ። እሱ እኔ ያየሁ መስሎት እኔን ያያል፤ እኔ እሱ ያየ መስሎኝ እሱን አያለሁ። ሁለታችንም ባዶ ነበርን።»

«ታዲያ አላየሁም አትልም?»

ፈገግ ሊል ሞከረ። «ለማን፣ የኔታ? እንዲህ የሚል ፊሽካ የለም። እጄን ባነሣ ፍርድ ነው፣ ባላነሣ ፍርድ ነው፣ ዝም ብል እንኳ ፍርድ ነው። ሕጉ ያላያችሁትን አትፍረዱ ይለናል፤ እኔም አልፈረድሁም፤ አለመፍረዴ ግን የነዚያን ልጆች የዓመት ልፋት በላው። ስሕተቴን ለማየት እስከ ማታ አልቆየሁም፤ ወዲያው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በስልክ አሳዩኝ። ያን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቀው ወጣሁ፤ አውቶቡሳቸው ሄዷል።»

ያን ጊዜ የያዘኝ ድንጋጤ ከሻይ ቤቱ ይበልጥ ነበር። ሐዋርያው ቶማስ ሳላይ አላምንም ባለ ጊዜ ጌታ ቁስሉን አሳየው እንጂ ከመካከላቸው አላስወጣውም። የኳሱ ሹሞች ግን ይህን ሁሉ ካሜራ ተክለው፣ ለተመልካቹ ሁሉ ዓይን ሰጥተው፣ ለዳኛው ለብቻው ነፍገውታል፤ «አላየሁም» የሚልበትንም አፍ ወስደውበታል። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ከመፍረድ የከበደ ነገር የለም፤ እንዲህ ባለ ወጥመድ ውስጥ ሰውን ያቆማሉ? አንድ ዳኛ ቢሳሳት የሰው ነገር ነው፤ አለማየቱን እንዳይናገር የሚከለክል ሥርዓት ግን የማን ነገር ነው?

ወደ ዳሱ ስሄድ ከጎኑ ወጣቶቹ ተሰብስበው ነበር። በፋሲካ ሰሞን፣ ነገሩ ሳይበላሽ፣ የዘንድሮን የገና ጨዋታ አሥራት በአባቱ ቦታ ቆሞ እንዲዳኝ መምህር ደረጀ ቃል አስገብቶት ነበር፤ እሱም ለዚህ ብሎ ጭምር መጥቷል። አሁን ሊሽሩት ይመክራሉ።

«ታች ሰፈር አንቀበለውም ብሏል፣ የኔታ» አለኝ ደረጀ ዓይኑን እየሸሸ። «እኛም ላዮቹ አልወደድነውም። የአያ ሽፈራው ሜዳ መሳቂያ ይሆናል።»

«ልጄ፣ አያ ሽፈራው የቆመበትን ሜዳ አንተ አላየኸውም፤ እኔ አይቼዋለሁ። ስንት ቃል እንደ ነበረው ታውቃለህ?»

«ፊሽካ ነው የምንጠቀመው፣ የኔታ። እንደ ኳሱ።»

«ፊሽካውን ተዉት። ሦስቱን ቃል መልሱለት፣ ከዚያ ፍረዱበት። በዚያኛው ሜዳ የተነፈገውን ነገር በዚህኛው ሳትሰጡት ብትሽሩት ሙት ዓመቱን አልበላም» አልሁና የቀረበልኝን ዳቦ መለስሁ። የሽማግሌ ኩርፊያ ነው፤ ሠራ። አንድ ጎረምሳ «እሺ ይቁም። ከተሳሳተ ግን ቴሌቪዥኑን ተሸክመን መጥተን እናሳየዋለን» አለና ሳቁ። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ሰምተዋል።

ገና ዋለ። ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም፤ ግማሹ ታጥሯል፣ ወጣቶቹም ከበርኖስ በታች የፈረንጅ ጫማ አድርገዋል። ነዶዎቹ ግን ከጓሳ የመጡ ናቸው። አሥራት ጃኬቱን አውልቆ ከመሐል ድንጋዩ ላይ አኖረ፤ ነፋሱ ሸሚዙን ይነፋዋል። «ዳኛው፣ መነጽር ይምጣልህ ወይ?» ይላሉ ከላይ። «ተዉት፣ ዛሬስ አግዳሚ ብረት የለም» ይላሉ ከታች። እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ቆመ። «አለፈች» ባለ ጊዜ አጉረመረሙ፣ «አላለፈችም» ባለ ጊዜም አጉረመረሙ፤ ይሁን እንጂ ጨዋታው ሄደ።

እኩል በእኩል ሆነው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ከነዶው ሥር ዱላና ሰው አንድ ላይ ተከመረ። አቧራ ተነሣ። እሩሯ ከክምሩ ውስጥ ጠፋች፤ ስትገኝ ከነዶው ወዲያ ናት። አልፋ ነው የወጣችው ወይስ በሰው እግር ተገፍታ? ላዮቹ ዱላቸውን አነሡ፣ ታቾቹ ጮኹ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ። አሥራት ወደ ግራ ተመለከተ። ወደ ቀኝ ተመለከተ። በዚያች ቅጽበት ሌላ ዓይን እንደ ፈለገ አውቃለሁ። ሁለቱም ሰፈር የሚፈልጉትን ፍርድ እየነገሩት ነበር፤ የሻይ ቤቱ ጎረምሶችም በተዘጋጀ ስድብ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

«አላየሁም» አለ።

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። ሜዳው ግን ሰማው። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ሜዳ ላይ ከሰማሁ ስንት ዘመን እንደ ሆነ መናገር አልችልም። ያ «ቴሌቪዥን እናመጣለን» ያለው ጎረምሳ አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ። መምህር ደረጀ ጎንበስ አለ፣ እሩሯን አነሣ፣ አቧራዋን በእጁ ጠርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይዟት መሄድ ጀመረ። ከላዮቹ አንዱ ተከተለው፣ ከታቾቹም አንዱ።

እኔ እንደ ልማዴ ከከፍታው ድንጋይ ላይ ነበርሁ። የጠየቀኝ የለም።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ረድፍ እትዬ አስካለ ወጡ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በነጠላቸው ሥር ጥቁር ነገር ሸሽገው አይቼ ነበር፣ ምን እንደ ሆነ አሁን ገባኝ፤ ከሣጥኑ የወጣው በርኖስ ነው። በሕጉ ዳኛው ጨዋታው ሳያልቅ መልበስ የለበትም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። እያዘገሙ መሐል ሜዳ ደረሱ፣ የልጃቸውን ጃኬት ከድንጋዩ ላይ አነሡ፣ በርኖሱን በቦታው አኖሩ፣ በእጃቸውም አስተካከሉት።

«ሲያልቅ ልበሰው፤ ይበርድሃል» አሉት።